የኋላ ጎማን ባለ ሌቫ ማድረግ፦ ከጅማ የአንድ ሳይክል የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

በዳዶ የታሰረን የኋላ ጎማ ያለ መፍቻ፣ በእጅ በምትገለበጥ ሌቫ የሚፈታ የማድረጉን ሥራ ስቀበል የግማሽ ቀን መስሎኝ ነበር፤ ያለቀው በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው። በመሃል አንድ ፔርኖ (ጎማው የሚዞርበት የመሃል ብረት) ቶርኖ ላይ ተበላሸ፣ ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ አልገባም አለ፣ ሦስተኛው ደግሞ ተገጥሞ፣ «በቃ አለቀ» ብለን ቡና ከጠጣንበት በኋላ ባለቤቱን ጅሬን ዳገት ላይ አስቆማቸው። ለመጨረሻው ችግር ዕቃውንም ሌላ ሰውንም አልወቅስም። የለካሁት እኔ ነኝ፤ መለካት የነበረብኝን ትቼ ሌላ ለካሁ።

ሳይክል የምንጠግን ሰዎች ስለዚህ ሥራ ስንነጋገር «ፔርኖውን መቀየር ነው» ብለን እናልፈዋለን። አባባሉ ውሸት የለውም። የትኛው ፔርኖ፣ በስንት ርዝመት፣ በምን ፊሌቶ (ዳዶ የሚዞርበት ጥርስ) የሚለው ግን ሳይነገር ይቀራል፤ እኔም የተያዝኩት እዚያ ላይ ነው። ባለቤቱ ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀው፣ ጉዳዩ እንዲጻፍ ግን ፈቅደዋል።

ሳይክሉና ባለቤቱ

ባለቤቱ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ የሂሳብ መምህር ናቸው። ቆጪ ተከራይተው ይኖራሉ። በአዘቦት ቀን ትምህርት ቤት የሚመላለሱት በሳይክል ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እናታቸውን ለመጠየቅ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ወደ ሰቃ ይሄዳሉ። ሰማዩ ሲጠቁር ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ አስጭነው ይመለሳሉ። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ይህ በዓመት ውስጥ ስንት ቅዳሜ እንደሚሆን መገመት አያቅተውም።

ሳይክሉ ሁለተኛ እጅ የተገዛ፣ የብረት ቴላዮ (የሳይክሉ አካል) ያለው፣ ባለ 21 ማርሽ የተራራ ሳይክል ነው። የፊት ጎማው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ባለ ሌቫ ነው፤ ሌቫዋን ገልብጦ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ዳዶ ትንሽ አላልቶ ማውጣት ነው። የኋላው ግን በድፍን ፔርኖና ግራና ቀኝ ባሉ ባለ 15 ዳዶዎች የታሰረ ነበር። ርካሽ የተራራ ሳይክሎች ላይ ይህ ድብልቅ የተለመደ ነው። ገዢ ሱቅ ውስጥ የሚያየው የፊቱን ሌቫ ነው፣ ወጪ የሚቆጠበው ደግሞ ከኋላ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን። አንደኛ፣ ፔርኖው የሚቀመጥበት የቴላዮው አፍ ወደ ፊት የተከፈተ አግድም አፍ ነው። ሁለተኛ፣ የኋላው የማርሽ መቀየሪያ የተንጠለጠለው ከቴላዮው ጋር በተሠራ ጆሮ ላይ ሳይሆን፣ በቀኙ አፍ ላይ ከውጭ በተደረበች ቁራጭ ብረት ላይ ነው። ይቺን ቁራጭ «ማንጠልጠያዋ» እላታለሁ።

ችግሩ

ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ መምህሩ ከሰቃ ሲመለሱ የኋላ ጎማቸው ፈነዳ። መለጠፊያም፣ ትርፍ ከመነዳሪም፣ ፓምፕም ይዘዋል። ያልያዙት ባለ 15 መፍቻ ነው። መንገድ ዳር ያገኙት አንድ ደግ ሰው በሚሰፋና በሚጠብ መፍቻ ሞከረላቸው፤ የግራው ዳዶ ተፈታ፣ የቀኙ ማዕዘኑ ተላጠና ክብ ሆነ። ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሳይክሉን እየገፉ ገቡ። ሰኞ ማለዳ እኔ ዘንድ ሲመጡ ከሰላምታ በፊት የተናገሩት ይህ ነው፦

«ስማኝ ወንድሜ፣ የፊቱ በእጅ የሚፈታ ከሆነ የኋላው ለምን አይፈታም?»

«ይፈታል ጋሼ፣ ፔርኖውን መቀየር ነው» አልኩ። ያቺን አጭር ዓረፍተ ነገር እኔም ተናገርኳት ማለት ነው።

በሚኒባስ በኩልም ምክንያት ነበራቸው። ረዳቱ ፖርቶመጋላ ላይ ሲጭን ሁለቱም ጎማ ከወለቀ ሳይክሉ ከከረጢት ጎን ተጋድሞ ይሄዳል፤ የኋላው ካልወለቀ ግን ማርሹ ከሰው ዕቃ ጋር እየተጋጨ ይጣመማል። ሁለት ጊዜ ደርሶባቸዋል።

ሌቫዋ የምትሠራው ሥራ

ከሙከራዎቹ በፊት ይህን መናገር ግድ ነው፤ ሁሉም ችግር የመጣው ከዚህ ነውና። ባለ ሌቫ ጎማ ውስጡ ባዶ የሆነ ፔርኖ አለው። በባዶው ውስጥ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀጭን ዘንግ ያልፋል። ከዘንጉ አንድ ጫፍ ሌቫ፣ ከሌላው ዳዶ አለ። ሌቫዋ ስትገለበጥ ውስጧ ያለው ጎባጣ ክፍል ዘንጉን ይስበዋል፤ ሌቫዋና ዳዶዋ ወደ መሃል ይቀራረቡና የቴላዮውን ሁለት አፎች ከሞዞው (ከጎማው እምብርት) መቆለፊያ ዳዶዎች ጋር ያጣብቋቸዋል። ጎማውን የሚይዘው ይህ ጭመቃ ብቻ ነው። በድፍኑ ፔርኖ ላይ ፊሌቶው ከቴላዮው ውጭ ረዝሞ ይወጣል፣ ዳዶው እዚያ ላይ ይጠብቃል። በባዶው ላይ ግን ፔርኖው ከአፉ ውጭ ብቅ ማለት የለበትም። ብቅ ካለ ሌቫዋ የምትጨምቀው ቴላዮውን ሳይሆን የፔርኖውን ጫፍ ይሆናል።

ሥራው ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ስሙ ከዚህ ዕቃ ጋር የሚነሳው ቱሊዮ ካምፓኞሎ እ.ኤ.አ. በ1933 ቪቼንሳ ውስጥ ድርጅቱን ያቋቋመ ሰው ነው። የእኛ ቤት ቋንቋም ከዚያው ነው የመጣው፦ ዳዶ፣ ሞዞ፣ ሞላ፣ ሌቫ፣ ሮንዴላ፣ ፊሌቶ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካሉት አሮጌ ቤቶች ይልቅ ጣሊያን ጅማ ውስጥ ጠንክሮ የቀረው በመካኒኮች አፍ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ድፍኑን መብሳት

ከተማ ውስጥ ባዶ ፔርኖ ፈልጌ ስላጣሁ የነበረውን ድፍን ፔርኖ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ሐሳቡ ርዝመቱን ወደ 146 ሚሊሜትር አሳጥሮ መሃሉን በ5.5 መብሳት ነበር። የቶርኖው ባለሙያ አንጋፋ ሰው ናቸው። ፔርኖውን ዓይናቸው ሥር አዙረው አዙረው «አብሽር፣ እንሞክረዋለን» አሉኝ። «እንሠራዋለን» አላሉም፤ ልዩነቱን ያኔ መስማት ነበረብኝ።

መብሻው ከአንድ ወገን 146 ሚሊሜትር የሚደርስ ስላልነበረ ከሁለቱም ጫፍ በሱት። ቀዳዳዎቹ መሃል ላይ ሲገናኙ አንዱ ከሌላው ትንሽ ጎን ወጥቶ ነበር። ዘንጉ በግድ ያልፋል። የባሰው ሌላ ነው፦ የግራው ጫፍ ላይ ቀዳዳው ወደ አንድ ጎን ስላጋደለ ግድግዳው በዚያ በኩል ሳስቶ ነበር፤ ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው የምላጭ ጀርባ ያህል ሆኖ ታየኝ። ሰው ከነጭነቱ የሚቀመጥበት ነገር ነው። አልገጠምኩትም። ባለሙያውም ገንዘብ አልተቀበሉኝም፤ ቁራጩ እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

ቶርኖው ጥሩ ነው፣ ባለሙያውም ጥሩ ናቸው። ሥራው ግን ለዚያ መሣሪያ አይሆንም። ረጅምና ቀጭን ቀዳዳ ለራሱ የተሠራ መብሻ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ሙከራ፦ የማይገባ ፊሌቶ

መምህሩ አዲስ አበባ ያለ ዘመዳቸውን ጠየቁ፤ ከሳምንት በኋላ ባዶ ፔርኖ በአውቶቡስ ተልኮ መጣ። አዲስ፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ። የድሮውን ኮን (ከኳሶቹ ጋር የሚገናኘውን ሾጣጣ ዳዶ) ላዞርበት ብል አልነካ አለ። በመፍቻ ትንሽ ገፋ ሳደርገው አንድ ዙር ያህል ሄዶ የብረት ፍርፋሪ አወጣ። አቆምኩ።

የድሮው ድፍን ፔርኖ በኢንች የተሠራ ነው፦ ውፍረቱ ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም 9.5 ሚሊሜትር ያህል፣ ፊሌቶውም በአንድ ኢንች (25.4 ሚሊሜትር) ውስጥ 26 ጥርስ ነው። አዲሱ በሜትር የተሠራ፣ 10 ሚሊሜትር ውፍረትና የ1 ሚሊሜትር ፊሌቶ ያለው ነው። መምህሩ አጠገቤ ተቀምጠው ነበርና የካርቶን ጀርባ ላይ 25.4ን ለ26 አካፈሉ።

«0.977» አሉ። «ይህን ያህል ልዩነት ለተማሪ ባሳየው ‹ቲቸር፣ አንድ ነው እኮ› ይለኛል።»

ለዓይን አንድ ነው፤ ለኮኑ አይደለም። ከዚያም በላይ ውፍረቱ ራሱ ግማሽ ሚሊሜትር ይለያያል። የድሮ ኮኖች በአዲሱ ላይ በጭራሽ አይገቡም። በተቃራኒው፣ ባለ 10 ኮን በቀጭኑ ፔርኖ ላይ ቢደረግ ይገባል፣ ግን ይላላል፤ አደገኛው እሱ ነው፤ የገባ ይመስላልና። ዳዶ ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ የሚባለው ልማድ ጥሩ ልማድ ነው። ሁለቱን ፊሌቶዎች ጎን ለጎን አጋጥሞ ወደ ብርሃን ማየትም ይረዳል፤ ጥርሶቹ እስከ መጨረሻው ከተናከሱ አንድ ናቸው፣ መሃል ላይ ብርሃን ካሳለፉ አይደሉም።

ሦስተኛው ሙከራ፦ ከቁራሌው የተገኘው

መፍትሔው የመጣው ከማልጠብቀው ሰው ነው። በየሳምንቱ ሠፈራችንን የሚዞረው ቁራሌው ከረጢቱ ውስጥ የተጣመመ የኋላ ቸርኬ ይዞ አለፈ። ቸርኬው ለምንም አይሆንም፤ ሞዞው ግን ባለ ሌቫ ነበር፣ ዘንጉም ሌቫውም አብረው ነበሩ። ከአዲስ አበባ ከመጣው ፔርኖ ባነሰ ዋጋ ሁሉንም ወሰድኩ።

ጥቅሙ ፔርኖው ከራሱ ኮኖችና ከራሱ መቆለፊያ ዳዶዎች ጋር መምጣቱ ነው። የቀረው ጥያቄ ኮኖቹ ከመምህሩ ሞዞ ጋር ይስማማሉ ወይ የሚል ነበር። የኋላ ሞዞ በየጎኑ 9 ኳሶች አሉት፣ እያንዳንዱ ሩብ ኢንች ነው። አዲስ ኳሶች በግሪስ ደርድሬ፣ ኮኑ ላይ ግሪሱን በጨርቅ አድርቄ፣ አጥብቄ ጥቂት ዙር አዞርኩና ፈታሁት። ኳሶቹ ኮኑ ላይ የተዉት መስመር ከሾጣጣው መሃል ላይ ነበር። መስመሩ ወደ ጫፉ ወይም ወደ ሥሩ ቢጠጋ ኖሮ ኮኑ የዚያ ሞዞ አይደለም ማለት ነበር።

ፍሪውን (ሰንሰለቱ የሚዞርባቸውን የኋላ ጥርሶች) የማወልቅበት መሣሪያ አልነበረኝም። ስለዚህ የቀኝ ኳሶችን በፍሪው ቀዳዳ በኩል አንድ በአንድ በወረንጦ አስገባኋቸው። ስምንተኛው ሁልጊዜ ይወድቃል። ረዳቴ ከወለሉ ላይ ሲለቅም አንዱን ሰወረብን፤ ጫማው ሥር ተጣብቆ ማታ ቤቱ አገኘው።

ሮንዴላዎቹንና ማራቂያ ቀለበቶቹን ከድሮው ፔርኖ ሳወጣ በተራቸው ሽቦ ላይ ሰክቼ ነበር። በቀኝ ያለው ቀለበት ይረዝማል፣ ፍሪው ከቴላዮው ጋር እንዳይነካካ። ተራው ከተዛባ ቸርኬው ከመሃል ይወጣል። ከመቆለፊያ ዳዶ እስከ መቆለፊያ ዳዶ ያለው ርቀት እንደ ድሮው 135 ሚሊሜትር ሆነ፤ የቴላዮው አፎች መሃልም ያው ነው። ፔርኖው 146 ስለሆነ በየጎኑ 5.5 ወጣ። የመደበኛ ባለ ሌቫ ጎማ ልክ ይህ ነው ብዬ ደስ አለኝ። የፔርኖው ውፍረት 10 ስለሆነ ከአፉ ጠርዝ ላይ ቀለሙን በሞረድ ፋቅሁ፤ ገባ። ሌቫዋን ዘጋሁ። ጎማው ዞረ። ቡና ተፈላ።

ጅሬን ዳገት ላይ የሆነው

በሦስተኛው ቀን መምህሩ እንግዳ ይዘው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማሳየት ወደ ጅሬን ወጡ። ዳገቱ ሲጠና በቀላሉ ማርሽ ቆመው ሲረግጡ «ጭርር» የሚል ድምፅ ሰሙ፣ ከዚያ ጎማው ተያዘ። ጎማው ቴላዮው ላይ ተጋድሞ ነበር። ቀጥ አድርገው ሌቫዋን በኃይል ዘጉት፤ ሃምሳ ሜትር ሳይሄዱ ደገመ። በእግር ወጡ፣ በእግር ወረዱ።

ሳይክሉን ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሌቫዋን ነው፤ አሮጌ ናት፣ ጎባጣዋ አልቆ ይሆናል አልኩ። የመለሰኝ አንድ ነገር ነው። አግድም አፍ ባለው ሳይክል ላይ ፔርኖ ሲንሸራተት ሰንሰለቱ የሚስበው ቀኙን ስለሆነ የቀኙ ጫፍ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ጎማው ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ የግራውን የቴላዮ ቱቦ ይነካል። ይህ ግን የነካው የቀኙን ነው። ቀኙ ቱቦ ላይ ቀለሙ ተፍቆ ጥቁር የጎማ ምልክት ነበር። ስለዚህ ወደ ፊት የሄደው ግራው ነው። ግራው ይህን ያህል ቀላል ኃይል እንኳ አልቻለም ማለት አልተያዘም ነበር ማለት ነው።

ዘንጉን አውጥቼ የሌቫዋን ፊት አየሁ። መሃሏ ላይ የሳንቲም ጠርዝ የመሰለ የሚያብረቀርቅ ክብ ቀለበት ታትሟል፤ የፔርኖው ጫፍ ነው። ዙሪያዋ ያሉት ጥርሶች ላይ ምንም የለም። የግራውን አፍ አየሁት፤ ቀለሙ እንደነበረ ነው፣ አንድ የጥርስ ምልክት የለበትም። የቀኙ ማንጠልጠያ ላይ ግን የዳዶዋ ጥርሶች ጠልቀው ታትመዋል።

ያን ጊዜ ያልለካሁትን ለካሁ። የቴላዮው አፍ ውፍረት 4.5 ሚሊሜትር ነው፤ ከርካሽ ላሜራ የተቆረጠ ነውና ቀጭን ነው። በቀኝ በኩል ማንጠልጠያዋ 3 ሚሊሜትር ትጨምራለች፤ 7.5 ይሆናል። ፔርኖው በየጎኑ 5.5 ይወጣል። ቀኙ ላይ 2 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ተደብቋል፣ ጥሩ ነው። ግራው ላይ 1 ሚሊሜትር ከአፉ ውጭ ብቅ ብሏል። ሌቫዋ ፔርኖውን ጨምቃ «ተዘግቻለሁ» ትላለች፤ ቴላዮው መሃል ላይ ልቅ ቆሟል። ጎማውን ጎንና ጎን ይዤ ብነቀንቀው ኖሮ ያኔውኑ እሰማው ነበር። አልነቀነቅኩትም፤ ቡናው ደርሶ ነበር።

ማስተካከያው

የመጀመሪያ ሐሳቤ ግራውን 2 ሚሊሜትር መቁረጥ ነበር። መምህሩ ካርቶናቸውን አውጥተው ሌላ መንገድ አሳዩኝ። ቀኙ 2 ሚሊሜትር ትርፍ አለው፣ ከዚያ ውስጥ አንዱን ቢሰጥ ምን ይጎዳል? ኮኖቹን አላልቼ ፔርኖውን 1 ሚሊሜትር ወደ ቀኝ አዞርኩት። ቀኙ 6.5፣ ግራው 4.5 ሆነ። ከዚያ ከግራው 1 ሚሊሜትር ብቻ ሞረድኩ፦ 3.5። አሁን በሁለቱም ወገን ፔርኖው ከውጨኛው ፊት 1 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ነው። በእጅ የሚሞረደው ባነሰ ቁጥር ጫፉ ቀጥ ብሎ የመቅረት ዕድሉ ይጨምራል፤ ሂሳባቸው ትክክል ነበር።

ከመሞረዴ በፊት ፔርኖው ላይ አንድ አሮጌ ባለ 10 ዳዶ አስገብቼ ነበር። ሞርሳ የሚይዘው ዳዶውን ነው እንጂ ፊሌቶውን አይደለም። ሞርጄ ስጨርስ ዳዶው ሲፈታ በመንገዱ የተጎዳውን ፊሌቶ እያጸዳ ይወጣል። የቀዳዳውን ጠርዝ ደግሞ በትንሽ ክብ ሞረድ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዘንጉ ይቧጠጣል።

ኮኖቹን ስመልስ ሌላ ስህተት ሠራሁ፤ አጭር ስለነበረ ብቻ ነው የማልቆጭበት። ልክ እንደ ድፍን ፔርኖ፣ ምንም ላላታ ሳይኖር አስተካከልኳቸው። ሌቫዋ ስትዘጋ ጎማው ከብዶ መዞር ጀመረ። ባዶ ፔርኖ በሌቫ ጭመቃ እጅግ በጥቂቱ ያጥራል፣ ያም ኮኖቹን ኳሶቹ ላይ ይጫናል። ስለዚህ ሌቫዋ ክፍት ሳለች ለጣት የምትሰማ ትንሽ ላላታ መተው፣ ስትዘጋ መጥፋቷን ማረጋገጥ ነው። ሦስት ጊዜ ሞክሬ አገኘሁት።

ሌቫዋን አልጣልኳትም። ጎባጣዋ ውስጧ የተሸፈነው የብረት ዓይነት ናት፣ ፊቷም ጥርስ ያለው ብረት ነው። ጎባጣዋ ከውጭ የሚታየው፣ በፕላስቲክ ላይ የሚንሸራተተው ቀለል ያለ ዓይነት ብትሆን ኖሮ እንዲህ ላለ አግድም አፍ አልጠቀምባትም ነበር።

ካቫሌቶውና የጀርባው ዕቃ መጫኛ

ይህን ማንም አላሰበበትም። የጎን መቆሚያው ካቫሌቶም፣ የጀርባው ዕቃ መጫኛ ሁለት እግሮችም የታሰሩት በድሮው ፔርኖ ዳዶዎች ሥር ነበር። ዳዶዎቹ ሲሄዱ ማሰሪያቸው ሄደ። በሌቫዋ ሥር ማስገባት አይቻልም፤ ጎማው በተፈታ ቁጥር ይወድቃሉ፣ ጭመቃውንም ያበላሻሉ።

የዕቃ መጫኛውን እግሮች ከቴላዮው ቱቦ ጋር በፋሼታ (ቱቦውን ዙሪያውን በሚይዝ ማጥበቂያ) አሰርኳቸው። መምህሩ ደብተር ጭነው ሲሄዱ በአንድ ሳምንት ወደ ታች ተንሸራተተ። በሁለተኛው ጊዜ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ቱቦው ላይ ጠቅልዬ ፋሼታውን በላዩ አጠበቅሁት፤ ያዘ። እስከ አሥር ኪሎ ለሚሆን ጭነት እመክረዋለሁ፣ ለከረጢት ቡና አልመክርም። ካቫሌቶውን ግን ማሰር አልቻልኩም። አሁን ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቆመው፤ መምህሩ እስከ ዛሬ ይነጫነጩበታል።

ከአራት ወር በኋላ

መስከረም ላይ አይቼዋለሁ። ግራና ቀኙ ላይ የጥርስ ምልክቶቹ እኩል ጠልቀዋል፣ ቱቦው ላይ አዲስ ጭረት የለም። ጅሬንንም ደጋግመው ወጥተውታል። ክረምቱን ሁለት ጊዜ ጎማ ፈንድቶባቸው ሁለቱንም መንገድ ላይ ቀይረዋል። ጎማው ሲወጣ ማንጠልጠያዋ በራሷ ትንሽ ብሎን ተይዛ ትቀራለች፣ ማርሹ አይወድቅም። ያቺን ብሎን ግን በየወሩ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ያልተፈታው የጥበቃ ጉዳይ ነው። አንድ ቀን ሄርማታ ገበያ አጠገብ ሳይክሉን አቁመው ሲመለሱ ሌቫዋ ተገልብጣ አገኙ፤ ልጆች ሲጫወቱባት ነው። ሌባ ቢሆን ጎማው በሄደ ነበር። አሁን ሰንሰለቱን በኋላ ጎማውና በቴላዮው ውስጥ አሳልፈው ይቆልፋሉ፣ ከመነሳታቸው በፊትም ሌቫዋን ይነካሉ። ሲዘጓት እንደ ቢራቢሮ ዳዶ እያዞሩ እንዳያጠብቋት ሁለት ጊዜ ማሳየት ነበረብኝ። ሌቫዋ ከፔርኖው ጋር ቀጥ ብላ ወደ ውጭ ስትጠቁም መክበድ መጀመር አለባት፤ ተዘግታ ስታልቅ መዳፍ ላይ ምልክቷን መተው አለባት።

ለሌላ ሳይክል የሚተርፈው

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያ ልኬቴ የአፉ ውፍረት ሆኗል፤ ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ከነማንጠልጠያው። ሁለተኛው የአፎቹ መሃል ርቀት ነው። ሦስተኛው ፊሌቶው፤ የሚቻል ከሆነ ፔርኖና ኮን ከአንድ ሞዞ የወጡ ይሁኑ። የፔርኖው ርዝመት የሚወሰነው ከእነዚህ በኋላ ነው እንጂ «መደበኛው 146 ነው» ከሚለው አይደለም። ጎማው ገብቶ ዘንጉ ሳይገባ ጥፍሬን ከቴላዮው ፊት ወደ ፔርኖው ጫፍ አስኬዳለሁ። ጥፍሩ ወደ ጉድጓድ ከወረደ ደህና ነው፤ ጉብታ ከነካ ጎማው ተመልሶ ይወጣል። ቀላል ናት፣ ካሊፐርም አትፈልግም። ዘንጉ ላይ ግራና ቀኝ የሚገቡትን የሾጣጣ ሞላዎች አቅጣጫም ሁልጊዜ አያለሁ፤ ጠባቡ ወገን ወደ ሞዞው ነው፤ ሰፊው ወደ ውስጥ ከገባ ሞላው አፉ ላይ ይሰቀልና ጭመቃውን ይሰርቃል።

ሌላው፣ ዳዶዎቹ ላይ ምን እንደታሰረ መጀመሪያ ማየት ነው። ካቫሌቶ፣ የዕቃ መጫኛ፣ የጭቃ መከላከያ ሽቦ፤ ሁሉም ቤት አልባ ይሆናሉ። ደንበኛው ይህን ከመስማማቱ በፊት ይወቅ።

ባለፈው ወር ዳቦ በሳይክል የሚያመላልስ ወጣት ይህንኑ ሊያስደርግ መጣ። ሳይክሉ ባለ አንድ ማርሽ ነው፤ ሰንሰለቱ የሚወጠረው ጎማውን በአግድሙ አፍ ውስጥ ወደ ኋላ በመጎተት ነው፣ ካቫሌቶውም ትልቁ ዕቃ መጫኛውም የታሰሩት በዳዶዎቹ ነው። በየቀኑ ከነሙሉ ጭነቱ ይቆማል፣ ይነሳል። ባለ ሌቫ አላደርግልህም አልኩት። ቅር አለው። አንድ ባለ 15 መፍቻ ከመሳቢያዬ አውጥቼ በተቆረጠ ከመነዳሪ ከኮርቻው ሥር አጥብቄ አሰርኩለት፤ የቀኙን የተላጠ ዳዶ ደግሞ በአዲስ ቀየርኩለት።